ዲከረንሱ ሲደርቅ፦ በአዊ ደጋ የአንድ ቤተሰብ የትዕግሥት ጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

በደብራችን ስለ ትዕግሥት ብዙ ይሰበካል። ትዕግሥት ዱቄት ባለቀበት ቤት፣ ባለገንዘብ ዕዳውን ሊጠይቅ በር ላይ በቆመበት ሰዓት ምን እንደሚመስል ግን እምብዛም አይነገርም። በጎጃም፣ በአዊ ደጋ፣ ከእንጅባራና ከአዲስ ቅዳም ብዙ በማይርቅ ቀበሌ የሚኖር፣ ለከሰል የተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ የደረቀበት የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ይህን ለማሳየት ስለሚበቃ መዝግቤዋለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነኝ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት የቤተሰቡ የነፍስ አባት “ሒሳባቸውን አብረሃቸው ተመልከት” ብለው ስለላኩኝ ነው። በንስሐ የተነገረውን አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም። እዚህ የሰፈረው ባልና ሚስቱ ራሳቸው የነገሩኝና በዐይኔ ያየሁት ነው። ጽሑፉ ተነብቦላቸው ፈቅደዋል። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ጥቂት ዝርዝሮች ተለውጠዋል።

መነሻው

የአዊ ደጋ ዝናብ ብዙ ነው፤ በእንጅባራ አካባቢ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ይህ ሁሉ ውኃ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው ኖሯልና መሬቱ አሲዳማ ሆኗል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የተጨመረው ማዳበሪያ ገሚሱ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል፤ ሰብሉ አያገኘውም። ስንዴና ገብስ እየቀጨጩ ሲያስቸግሩ ገበሬው ፊቱን ወደ ዲከረንስ አዞረ።

ዲከረንስ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነ የግራር ወገን ነው። በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፤ ከዚያም ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይሆናል። ሥሩ የአየሩን ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚያስገኝ፣ አመዱና የከሰሉ ፍርፋሪም በአፈሩ ስለሚቀር፣ ተከትሎ የሚዘራው ጤፍ ያምራል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ከዚህ ዛፍ የቆርቆሮ ቤት ያልሠራ፣ ልጅ ያላስተማረ ገበሬ ማግኘት ያዳግት ነበር። ከሰሉ በአይሱዙ እየተጫነ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ቤተሰቡ ስድስት ቃዳ መሬት አለው፤ አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። ከዚህ ሦስቱ ዲከረንስ ነበሩ፦ አንደኛው ለመቁረጥ አንድ ዓመት የቀረው፣ ሁለቱ ገና ለጋ። አራት ልጆች አሉ። ባልየው ለትልቋ ልጅ የጤና ኮሌጅ ክፍያና ለቤት ማደሻ ሁለት ብድር ወስዶ ነበር፤ አንዱን ከብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ ሌላውን ደግሞ ከከሰል ነጋዴ፣ በቆመው ዛፍ ላይ ቅድሚያ ክፍያ በመቀበል። ሁለተኛው በጽሑፍ አልነበረም። በአካባቢው እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ አይሆንም፤ ሰው በሰው ላይ ወረቀት ማውጣት እንደ አለመተማመን ይቆጠራል።

የደረሰው

በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዲከረንስን የሚያደርቅ በሽታ በአዊ ታየ። ባለሙያዎች ዋግ ነው ይላሉ፤ ስንዴን እንደሚመታው ያለ ፈንገስ፣ ግን የግራር ወገንን ለይቶ የሚያጠቃ። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ ዱቄት ያወጣል፤ በዛፎቹ መካከል ያለፈ ሰው ልብሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ዱቄቱ ዘር ነውና ነፋስ ተሸክሞት ከተራራ ተራራ ይሻገራል። በሽታው በለጋው ላይ ይከፋል።

በዚህ ቤተሰብ ማሳ ላይ የታየው በአንድ የክረምት መውጫ ነው። ከመስቀል በፊት ጥቂት ቅጠል ቀላ፤ ኅዳር ሲገባ ለጋው ሁለት ቃዳ ቆሞ ደርቋል። ነጋዴው ጉዳዩን ሰምቶ መጣና ገንዘቡን እስከ ጥር እንዲመልሱለት ጠየቀ። ጠላታቸው አልነበረም፤ እሱም በሌሎች ማሳዎች ላይ የበተነው ገንዘብ ነበረው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ባልየው በእነዚያ ሳምንታት ያደረገውን በቅደም ተከተል ነግሮኛል፤ ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይህ ክፍል ወሳኝ ነው።

መጀመሪያ ተሳለ። ዛፉ ቢተርፍ ለታቦቱ ጃንጥላ አገባለሁ አለ። ዛፉ አልተረፈም። በስለቱ መሠረት ዕዳ የለበትም፤ እሱ ግን እግዚአብሔር ስለቱን እንደናቀበት ቆጠረውና ቅዳሴ መምጣቱን ተወ። ቀጥሎ አንድ መጽሐፍ ገላጭ ነኝ ባይ ዘንድ ሄደ። ሰውየው በሽታው ከቅርብ ጎረቤት ዐይን የመጣ መሆኑን ነግሮት ጥቁር በግ አስገዛው። የበጉ ገንዘብ ጠፋ፤ ከጎረቤቱ ጋርም ሰላምታ ቀረ። የሚያስቀው፣ ካስቀ፣ ያ ጎረቤት ራሱ አራት ቃዳ ዲከረንስ ደርቆበት ነበር።

ከዚያ ሁለቱን በሬዎች ሸጦ፣ መሬቱን ለረጅም ዓመት አኮናትሮ፣ ከቤት ወጥቶ የቀን ሥራ ለመፈለግ ወሰነ። ለሚስቱ የነገራት በሬዎቹን ወደ ገበያ ለመንዳት በተነሣ ጠዋት ነው። እሷ በሩ ላይ ቆመችና ቀድማ የነፍስ አባታቸው ሳይሰሙ በሬ ከግቢ እንደማይወጣ ነገረችው። የዚህ ጉዳይ መታጠፊያ ያ ጠዋት ነው ብዬ አምናለሁ። ምስጋናውን ብዙ ሰው ለቄሱና ለሽማግሌዎቹ ይሰጣል፤ በሩን የዘጋችው ግን እሷ ናት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የነፍስ አባታቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግር የማያበዙ ካህን ናቸው። ባልየው በፊታቸው ቀርቦ ወደ ገዳም ሄጄ ሱባኤ ልግባ፣ ከአዋጁ ሌላም ጾም ይጨመርልኝ ብሎ ለመነ። ከለከሉት። “ልጄ፣ ከቤትህ ለመሸሽ እግዚአብሔርን ምክንያት አታድርገው” አሉት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 37ኛው መዝሙር ላይ በእግዚአብሔር መታመን፣ መልካም ማድረግና በምድር መቀመጥ በአንድ ትንፋሽ እንደታዘዙ አሳዩት። መታመን ያለበት መሬቱ ላይ ሆኖ ነው ማለታቸው ነበር። ሱባኤ የሚከለክል ካህን ከዚያ በፊት አላየሁም።

በሱባኤው ፋንታ ያዘዙት ቀላል ነገር ነው። ማታ ማታ፣ ከእራት በፊት፣ ሁሉም ባለበት አባታችን ሆይ፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ መዝሙር። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የትኛው ይነበብ የሚል ጥያቄ አይነሣም። የሚያነበው የአሥረኛ ክፍል ተማሪው ልጅ ነው። ረዘም ያለ ጸሎት ቤተሰቡ እንደማይዘልቀው ካህኑ ገምተዋል፤ ግምታቸውም ልክ ነበር።

ሁለተኛው ትእዛዝ የጊዜ ድንበር ነው። እስከ ትንሣኤ በሬ አይሸጥም፣ መሬት አይኮናተርም፣ አዲስ ብድር አይወሰድም። ከትንሣኤ በኋላ እንደገና ይመከራል። ባልየው እንደነገረኝ ከሁሉ የረዳው ይህ ነው፤ በየሌሊቱ እንደ አዲስ ይወስን የነበረውን ነገር ወደ አንድ ቀን ገፋለት፤ እንቅልፍም ተመለሰ።

የእኔ ድርሻ ከዚህ ቀጠለ። ከባልና ሚስቱ ጋር ተቀምጠን በአንድ ደብተር ሦስት ገጽ ሞላን። አንዱ ያለባቸው ዕዳ፣ ሁለተኛው ከእጃቸው ያለው፣ ሦስተኛው የእነሱ ውሳኔ የማይደርስበት። ዝናብ፣ በሽታው፣ የከሰል ዋጋ፣ የነጋዴው ልብ ሦስተኛው ገጽ ላይ ገቡ። ሚስትየው ይህን ገጽ “የእግዚአብሔር ገጽ” አለችው፤ ማታ ከመዝሙሩ በኋላ በስም እየተጠራ የሚጸለይበት እሱ ሆነ። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ የጠዋት ሥራ ሆነ። ይህን አከፋፈል እኔ ለሒሳብ ብዬ ነበር ያመጣሁት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የተገኘው ከፈራነው ይበልጥ ነበር። ለመቁረጥ አንድ ዓመት የቀረው ቃዳ ቅጠሉ ቢረግፍም እንጨቱ እንጨት ነው። የግብርና ባለሙያው እንጨቱ ሳይበሰብስ ከሰል እንዲደረግ መከረ። ታኅሣሥ ላይ ተቆረጠ፤ ከተጠበቀው በታች፣ ግን ጥቂት የማይባል ከሰል ወጣው። ከበሬ በፊት ፈረሱ እንዲሸጥ ተወሰነ። በአዊ ፈረስ መሸጥ ቀላል ነገር አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በየዓመቱ በዓሉን የሚያከብርበት አገር ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ የማኅበሩ አባል ነው። ፈረሱ የተሸጠው ከበዓሉ በፊት ነበር። በዓሉ ላይ በእግሩ ቆሞ ተመለከተ።

ለነጋዴው ሦስት ሽማግሌዎች ተላኩ። ነጋዴው የተቆጣው በገንዘቡ መዘግየት ብቻ እንዳልነበረ እዚያ ታወቀ፤ ባልየው ገበያ ላይ ሲያየው መንገድ እየቀየረ ይሸሽ ነበር። የከሰሉ ገንዘብ ግማሽ እንዲሰጠው፣ ቀሪው በሁለት መኸር እንዲከፈል፣ ይህም በጽሑፍ እንዲሰፍር ተስማሙ። ወረቀቱን የጠየቀው ባልየው ራሱ ነው። ልማዱ ስለተጣሰ የተቀየመ ሰው አላየሁም።

የለጋው ሁለት ቃዳ ደረቅ ዛፍ ተነቀለ። አንዱ ላይ ኖራ ተበትኖ የካቲት ላይ ድንች ተተከለ፤ ሌላኛው ከሰል ከወጣበት ማሳ ጋር ሐምሌ ላይ ጤፍ ተዘራበት። ሚስትየው ድንቹ እስኪደርስ ከገበያ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ እያዞረች ትነግድ ነበር።

ውጤቱ

ዛፉ አልዳነም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር መጨረሻው ላይ ተአምር የሚጠብቅ አንባቢ ስላለ ነው። ከሰል በወጣበት ማሳ ላይ ጤፉ አማረ፤ ይህም ዲከረንስን የሚያውቅ ገበሬ ሁሉ የሚጠብቀው ነው። ድንቹ መካከለኛ ነበር። የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ዕዳ ተከፍሎ አለቀ፤ የነጋዴው አንድ አራተኛ ያህሉ ይህን ስጽፍም አለ። ትልቋ ልጅ ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋርጣ ቀጠለች። በሬዎቹ አሉ። በዚያ ጥቅምትና ኅዳር ብዙ ሰው በሬውን በአንድ ጊዜ ገበያ ስላወጣ ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ለትንሣኤ ግን እንደ ወትሮው ወጣ። በችኮላ የሸጡት አፍሰው ለመልቀም እንኳ አልቻሉም።

ያልሠራው

ከሁሉ የከሸፈው ዲከረንስን ወዲያው መልሶ መትከል ነው። ባልየው ከማሳው ጥግ ጥቂት ቦታ ላይ፣ እግዚአብሔርን ካመንኩ ፍሬው ይታያል በሚል፣ አዲስ ችግኝ ተከለ። ባለሙያው በሽታው በለጋው ላይ እንደሚከፋ ነግሮት ነበር። ችግኙ በወራት ውስጥ አለቀ። የተክሉ ወጪ ትንሽ ነው፤ በእምነቱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን የበለጠ ነበር፤ እግዚአብሔር ያልገባውን ቃል ገባልኝ ብሎ ይዞት ነበርና። ካህኑ ይህን ሲሰሙ የመለሱለት አንድ ጥያቄ ነው፦ “ማን ትከል አለህ?”

ሁለተኛው ያልሠራ ነገር ዝምታ ነው። ባልየው ትዕግሥትን ዝም ማለት አድርጎ ወሰደው። ከካህኑ ምክር በኋላ እንኳ ለሳምንታት ዕዳው ከምን እንደደረሰ ለሚስቱ አይነግራትም፤ እሷ እንዳትጨነቅ ነው ይላል። እሷ ግን ይበልጥ ተጨነቀች። አንድ ማታ ከጸሎቱ በኋላ በእኔ ፊት “አንተ ትታገሣለህ፤ የዱቄቱን ልክ የማውቀው ግን እኔ ነኝ” አለችው። ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩ ከእሱ ኪስ ወጥቶ ጓዳ የተቀመጠው።

የጎረቤቱ ጉዳይ እስከ ዓቢይ ጾም ድረስ አልታረቀም ነበር። በመጨረሻ የታረቀው በካህኑ ግፊት ነው፤ ባልየው በራሱ አልሄደም። ዛሬም ሁለቱ ሰላም ይባባላሉ እንጂ እንደ ድሮው በወንፈል አብረው አያርሱም። በመጽሐፍ ገላጩ ዘንድ ያጠፋው ይህ ነው፤ በግ ይተካል።

የሰበካ ጉባኤያችን የጸሎት ጉባኤም በዚያው ዓመት በሽታው የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ወይስ አይደለም በሚል ክርክር ተይዞ ከረመ። ደን በከሰል አጥፍተናልና ነው ያሉ ነበሩ። ዲከረንስ የተተከለ ዛፍ እንደሆነ፣ ለነባሩ ደን እንዲያውም ፋታ እንደሰጠ የተናገረ አልተሰማም። ይህ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሦስተኛ አልተመለሰም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ለሌላ ቤት የሚሻገረው

መጠበቅ ድንበር ሲኖረው ሰው ይችለዋል። “ታገሥ” ተብሎ የተለቀቀ ሰው እስከ መቼ እንደሆነ ስለማያውቅ በየቀኑ ይሸነፋል። “እስከ ትንሣኤ ይህን አታድርግ” የተባለ ሰው ግን የሚጠብቀው ነገር አለው። ቀኑ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ቢወሰድ ይመረጣል፤ ጾሙም በዓሉም አብሮት ስለሚሄድ ብቻውን አይጠብቅም። የሚከለከለውም ነገር ተለይቶ በስሙ ይጠራ። ለዚህ ቤት በሬ፣ መሬትና አዲስ ብድር ነበሩ፤ ለከተማ ሰው ቤቱ፣ ሥራው ወይም ትዳሩ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከሄዱ የማይመለሱትን መለየት ነው።

ጸሎትና ሒሳብ በአንድ ማታ፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ ቢሆኑ ይሻላል። ዮሴፍ በግብፅ ሕልሙን ከፈታ በኋላ አልተቀመጠም፤ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አምስተኛውን እጅ እያስቆረጠ ጎተራ ሞላ። በዚህ ቤት ደብተሩ ሲገለጥ ጸሎቱ ስለ ምን እንደሆነ ታወቀ፤ ጸሎቱ ሲደረግ ደግሞ ደብተሩን ለመግለጥ ድፍረት ተገኘ። ሁለቱን ለየብቻ ያደረጉ ሌሎች ቤቶች አውቃለሁ፤ በአንዳንዱ ጸሎቱ ማምለጫ ሆነ፣ በሌላው ሒሳቡ እንቅልፍ ነሣ።

ስለትን በሚመለከት ለካህናቱ የምለው አለኝ። በመከራ ሰዓት የተሳለ ሰው ነገሩ እንዳሰበው ካልሆነ ከቤተ ክርስቲያን ለመራቅ ቅርብ ነው፤ አፍሮ ወይም አኩርፎ። መጥቶ እስኪናገር መጠበቅ አይገባም። የዚህ ቤት የነፍስ አባት ሰውየው በሁለት እሑድ ሲጠፋ ራሳቸው ወደ ቤቱ መሄድ ነበረባቸው፤ በዕድሜያቸው ምክንያት አልቻሉም፣ ሌላም ሰው አልላኩም። ሚስትየው ባትኖር ኖሮ በሬዎቹ ተሸጠው ነበር።

ለባለዕዳ ቀድሞ መታየት ይጠቅማል። ነጋዴው ገንዘቡን ከማጣት ይልቅ መሸሹ እንዳስቆጣው ራሱ ተናግሯል። ሽማግሌ የሚላክበት ትክክለኛ ጊዜ ክስ ከመነሣቱ በፊት ነው።

ይህ ጉዳይ የማይመለከታቸው

ይህን ጽሑፍ እንደ ምሳሌ ለሚጠቀምበት አንድ ነገር ማስታወስ ይገባኛል። ይህ ቤተሰብ መሬት ነበረው፣ ሁለት በሬ ነበረው፣ የሚሸጥ ፈረስ ነበረው፣ የሚላኩለት ሽማግሌዎች ነበሩት። በዲከረንሱ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ግን መሬት የሌላቸው ወጣቶች ናቸው፤ በቀን ሒሳብ ዛፍ የሚቆርጡ፣ ከሰል የሚያከስሉ፣ ጋሪ የሚነዱ፣ የከሰል ጆንያ ተሸክመው መኪና ላይ የሚጭኑ። ዛፉ ሲደርቅ ሁለተኛው ገጻቸው ባዶ ነበር። ለእነሱ “እስከ ትንሣኤ በሬህን አትሽጥ” ማለት ትርጉም የለውም። ከደብራችን ልጆች ብዙዎቹ በዚያ ዓመት ወደ ሌላ አገር ለቀን ሥራ ወጥተዋል፤ ከፊሎቹ እስካሁን አልተመለሱም። ሰበካ ጉባኤው ለእነሱ ያደረገው ለተጓዦቹ ጸሎት ማድረግና ለጥቂቶቹ የመሳፈሪያ ገንዘብ ማዋጣት ነው። ለቀሩት ወጣቶች የኅብረት የድንች ማሳ ከደብሩ መሬት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሚመጣው ስብሰባ አጀንዳ ላይ ተይዟል።